ሲመሽ የማይጠፋ መስመር

ከሆለታ የተነሣነው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበር። አጎቴ ጋሼ ደምሴ የገበሬ ማኅበራቸው የማሳ ጠባቂ ናቸው። ጠመንጃቸው ከአንድ የቀድሞ ባለርስት የተወረሰ፣ መነጽር የተገጠመለት የአደን መሣሪያ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት፣ ድንች የሚፈነቅል የዱር አሳማ ያዩ መስሏቸው ተኮሱ። ጥይቱ ጎረቤታቸው ወርቄ ካጎነበሰችበት አንድ ክንድ ርቆ አጥሩን በሳ። መነጽሩ ውስጥ ያለው ቀጭን የማነጣጠሪያ መስቀል ጨለማው ውስጥ ጠፍቶባቸው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ አልተኮሱም፤ አሳማው ደግሞ ማሳውን እየጨረሰው ነው። የመነጽሩን ማነጣጠሪያ መስመር ለማስቀየር ወደ አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ስንወርድ፣ ከጋዜጣ ሥራዬ ዕረፍት ላይ ስለነበርኩ መንገድ መሪው እኔ ሆንኩ።

ጠመንጃው እቤት ቀርቷል። ጋሼ መነጽሩን ብቻ በነጠላ ጠቅልለው፣ ማኅተም ያረፈበትን የማኅበሩን ደብዳቤ በደረት ኪሳቸው ይዘዋል። ኬላው ላይ ፈታሹ ወታደር ደብዳቤውን አንብቦ፣ መነጽሩን አንሥቶ ጉም ወደዋጠው ባሕር ዛፍ አየ።

«ምን ይታያል ልጄ?» አሉት ጋሼ።

«ጉም ነው፤ ጎጃም አልታየኝም» ብሎ ቀለደና መነጽሩን መለሰላቸው።

አራት ሰዓት፣ ፒያሳ

ሙሴ ሃጎፕ አራዳ ተወልደው ያረጁ አርመናዊ ናቸው። ሰዓት፣ ካሜራና የዓይን መነጽር ይጠግናሉ። ባንኮኒው ላይ መነጽሩ ውስጥ የሚገቡ፣ ማነጣጠሪያ መስመር ያላቸው ሦስት ቀለበቶች ደረደሩልን። አንደኛው እንደ ፀጉር የቀጠነ መስቀል፣ ሁለተኛው መሃሉ ላይ ነጥብ ብቻ፣ ሦስተኛው ከሦስት ወገን የሚመጡ ወፋፍራም መስመሮች ነበሩት። ጋሼ እያንዳንዱን በመነጽሩ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዩ።

«ቀጭኑን ስጡኝ። ንጹሕ ነው።»

እኔም በማስታወሻዬ ቀጭኑ እንደሚሻል ጻፍኩ።

«በቀን አልሸጥም» አሉ ሙሴ።

«ብር ይዘናል እኮ።»

«ብሩ አይመሽበትም፤ ዓይንዎ ነው የሚመሽበት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመለሱ። ያኔም ቀጭኑን ከመረጡ በነፃ ይውሰዱት።»

ቀኑ እንደ ሕልም ረዘመብን። ቆመን በአርባ ሳንቲም ማኪያቶ ጠጣን። ቸርችል ጎዳና ቁልቁል በጭጋግ ሲሟሟ፣ ታክሲዎቹ ድምፅ የሌላቸው ሰማያዊ ዓሦች ይመስሉ ነበር። እስከ ሥላሴ ሄደን ተመለስን። መንገድ ላይ ጋሼ «ወርቄ እስካሁን ሰላም ትለኛለች፤ እሱ ነው የከበደኝ» አሉ።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጓሮ

መንገድ ላይ በመነጽር ማነጣጠር በዚያ ዘመን ስለሚያስጠይቅ ሙሴ የሚያስሞክሩት በሱቁ ጓሮ ነው። ግንቡ ሥር ጥቁር ካፖርት ሰቅለዋል። ብርሃኑ ሰማያዊ፣ ከዚያ አመድማ ሆነ። ቀጭኑ መስቀል ጠፋ። ነጥቡም ሰመጠ። ወፋፍራሞቹ መስመሮች ብቻ መሃሉን እያመለከቱ ቀሩ።

«ይኸው፣ ካፖርቱ ላይ አረፈ» አሉ ጋሼ።

«የትኛው ላይ?» አሉ ሙሴ።

«የግራው ላይ። ሁለት ነው እንዴ የሰቀሉት?»

የግራው ካፖርት ባልዲ ይዞ ተነሣ። የሙሴ ባለቤት እትዬ ዘነበች ነበሩ።

«ጨረሳችሁ? ወገቤን ቆረጠኝ» አሉ።

አዳኝ በመጣ ቁጥር ጥቁር ካፖርት ለብሰው ለፈተናው እንዲህ ግንቡ ሥር ያጎነብሳሉ። ጋሼ መነጽሩን አውርደው ሣጥን ላይ ተቀመጡ።

«ታዲያ ምን ይዤ ልግባ?»

«ወፍራሙን ይያዙ፤ የት እንደሚመታ ያሳይዎታል» አሉ ሙሴ።

«እኔን ከካፖርት መለየት ሲያቅትዎ ግን ይተዉት» አሉ እትዬ ዘነበች። «ድንቹ ሌላ ዓመት ይደርሳል።»

ሙሴ ወፍራሙን ገጠሙላቸው። ያን ሌሊት አፍንጮ በር ዘመድ ቤት አደርን።

በማግስቱ፣ ሆለታ

ሲመሽ ከማሳው ዳር ተቀመጥን። ጉሙ ከጫካው ወርዶ አጥሩን ሸፈነው። አንድ ጥቁር ነገር ድንቹ መሃል ተንቀሳቀሰ። ጋሼ ደገኑ።

«መስመሩ ይታያል?» አልኳቸው።

«ጥርት ብሎ።»

ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጠመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«አላወቅሁትም» አሉ።

ጠዋት ሁለት መደብ ድንች ተገልብጦ፣ ጭቃው በአሳማ ኮቴ ተበሳስቶ አገኘን። በጉዞው የተማርኩትን በአጭሩ ጻፍኩ፦ መስመር አንድ ቀን ይመረጣል፤ መተው ግን በየምሽቱ እንደገና ይወሰናል።

«አሳማ ነበር እኮ» አልኳቸው።

ጋሼ ጎንበስ ብለው የተረፈውን ድንች እየለቀሙ፣ «ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅነው» አሉ።