ሕገ መንግሥት በወዛደር ዜማ

አሰብ ላይ ለወደብ ወዛደሮች ከሥራ መልስ ታሪክ አስተምር ነበር። ማስተማር ከተባለ! በዚያ ሙቀት ጆንያ ሲሸከም የዋለ ሰው፣ ገና «ሕገ መንግሥት» ብዬ አፌን ስከፍት ያንኮራፋል። ሁለት ጊዜ ፈተና ወደቁ። ከዚያ ኢንስፔክተር እንደሚመጣ፣ ተማሪዎቹ ምንም ካልያዙም ክፍሉ እንደሚዘጋ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደሜ ፈላ። እነዚህን ሰዎች ሌላ ማን ሊያስተምርልኝ ነው?

ደብተሬን ዘግቼ ወዛደሮቹ የሚጫወቱት የቧልት ተውኔት ጻፍኩ። ንጉሡን መጫወትማ አይታሰብም፤ አንገቴን እወዳታለሁ። መኳንንቱ ግን አሉልኝ። በመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የምክር ቤት እንደራሴዎችን የሚመርጡት እነሱና ሹማምንቱ ነበሩ፣ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ተብሎ። በሁለተኛው ሕዝቡ እንዲመርጥ ተፈቀደ። አንዱን ክሬን ነጂ ካባ አልብሼ አማቹን የሚሾም ባላባት አደረግኩት። የወዛደሮቹ አቀንቃኝ ደግሞ ዕቃ ሲያነሱ በሚያዜሙት ዜማ ልዩነቱን ይጠይቃል፤ ሌሎቹ ይቀበሉታል።

ቀኑ ደረሰ። ኢንስፔክተሩ ከፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ፊቱን ቋጥሮ ተቀመጠ። ባላባቱ «እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ እኔ ልምረጥላችሁ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የኢንስፔክተሩ ጥርስ ግን አልታየም።

አቀንቃኙ «ያዝ!» ብሎ ዜማውን ጀመረ። አይ የወዛደር ነገር! ያቺን ቃል ከሰማ እጁ ያገኘውን ያነሳል። ከኋላ የቆሙት አግዳሚውን ከነኢንስፔክተሩ ብድግ አደረጉት።

«ኧረ አውርዱ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ! ወደብ ላይ ሸክም የሚወርደው አቀንቃኙ «ቀስ!» ሲል ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ያዜማል።

«በፊተኛው ማን መረጠ?»

«ባላባቱ!»

«በኋለኛውስ?»

«እኛ ነን!»

አለቀልን፣ አልኩ።

መጨረሻ ላይ አቀንቃኙ «ቀስ!» ብሎ ሲያወርዱት ኢንስፔክተሩ ከተሸካሚዎቹ አንዱን በጣቱ ጠራ። ከሁሉ በላይ የሚያንቀላፋብኝን! «ዜማውን ተወውና ልዩነቱን በራስህ ቃል ንገረኝ» አለው።

«ጌታዬ፣ ድሮ እስክትችሉ ጠብቁ ተባልን። ኋላ ምረጡ ተባልን» አለ ሰውየው። «እኔ ግን ይህን ያህል ዓመት ስኖር የነገረኝ የለም። የት ሄጄ ነው የምመዘገበው?»

ኢንስፔክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ ለዚህ ሰው መልስ ሳትሰጠው ክፍሉን እንዳትዘጋ» አለኝ።

እኔስ መቼ አውቄ! አንድም ቀን መርጬ አላውቅም። በማግስቱ ከሥራ መልስ ተሰልፈን የት እንደምንመዘገብ አብረን ልንጠይቅ ማዘጋጃ ቤት ሄድን።