ፀሐይ ሳይበርድ የመጡ መልማዮች

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጎሚስታው አብዱረሂም ሲቆጣ ያላየ ሰው እንግዳ ነው። አዲስ አበባና ደሴ የሚመላለሱ ሾፌሮች ጎማ ሲያስነፉ ስድቡንም አብረው ይቀበላሉ። ቱግ ይላል፣ ይጮሃል፣ ወዲያው ደግሞ ምሳ ካልበላችሁ ብሎ ሙጭጭ ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። ንዴቱ ግን ሁልጊዜ ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል።

ይህ ሰው ከሥራ መልስ የከተማውንና የዙሪያውን የቀወት ገጠሮች ልጆች ኳስ ያሠለጥናል፤ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም። ከዓመታት በፊት አንዱ ልጅ በረመዳን፣ በጾመኛ ጓደኛው ፊት ውሃ እያንደቀደቀ ሲጠጣ ጠብ ተነሣ። አብዱረሂም ሁለቱንም በኩርኩም አስታረቀና ሕግ አወጣ፦ በረመዳን የጾመም ያልጾመም ሜዳ ላይ ውሃ አይጠጣም። ልምምዱ የሚጀመረው ለመግሪብ፣ ጾሙ ለሚፈታበት ሰዓት፣ ጥቂት ሲቀረው ስለነበር ሕጉ ማንንም አልጎዳም። አዛን ሲል ሁሉም አንድ ላይ ይጠጣል። ልጆቹ ይህን ነገር ወደዱት፤ እንዲያውም ኩራታቸው አደረጉት።

ረመዳንና ሁዳዴ አብረው በገቡበት ዓመት፣ አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ለታዳጊ ቡድኑ ልጆች ሊመለምል እንደሚመጣ በስልክ ተነገረው። እሑድ፣ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ተባለ። አብዱረሂም በደስታ ሰው መሳደብ ረሳ። የሚያስበው ስለ ብሩክ ነበር። ብሩክ ግራ እግረኛ ነው፤ ኳስ ከእግሩ አትለይም። እናቱ ሸዋዬ መነኸሪያው አጠገብ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች ብቻዋን ያሳደገችው ልጅ ነው። ለታዳጊ ቡድን ዕድሜው የሚፈቅድለት ዘንድሮ ብቻ ነው።

መልማዮቹ ግን በቀትር መጡ። ዋናው ጌታቸው የሚባል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነበር።

«አሁኑኑ እንጀምር» አለ። «ከመምሸቱ በፊት ኮምቦልቻ መድረስ አለብን።»

«ወንድሜ፣ በዚህ ሰዓት እዚህ አገር ግመልም ጥላ ትፈልጋለች» አለው አብዱረሂም። «ግማሾቹ ጾመኛ ናቸው። ፀሐዩ በረድ ይበል።»

«ካልሆነ እንሄዳለን፣ አሰልጣኝ። እርስዎ ይወስኑ።»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለውን ማን ይንገረው! አብዱረሂም ደሙ ፈላ፤ ነገር ግን ይሄዳሉ ብሎ ፈራና ዋጠው። በዚያ ሁሉ ክርክር መሐል አንድ ነገር ረሳ፤ የውሃውን ሕግ አልሻረም።

ልጆቹ ተጫወቱ። ጌታቸው የታሸገ ውሃ አስወርዶ መስመሩ ዳር ቢደረድርም የነካው የለም። እሑድ በመሆኑ ብሩክና ሌሎቹ ክርስቲያኖች ከቅዳሴ መልስ በልተው ነው የመጡት፤ ውሃም የሚከለክላቸው ጾም አልነበረም። ግን ተከላካዩ ሙዐዊያ ከንፈሩ ደርቆ እየሮጠ ብሩክ እንዴት ይጠጣል? ከእረፍት በኋላ ብሩክ ኳስ ይዞ ሁለት ሰው አለፈ፣ ቆመ፣ ከዚያ በጉልበቱ ወደቀ።

ወደ ጥላ ሲያወጡት ሸዋዬ ከተመልካቹ መሐል ጃንጥላዋን ወርውራ ደረሰች። ራሱን እያቀዘቀዘች ውሃ በግድ አጠጣችውና ወደ አብዱረሂም ዞረች።

«አንተ አብዱ፣ ልጄ መቼ ነው ረመዳን የጾመው?»

 ጌታቸው ቀድሞ መለሰ። «የጾሙትስ ጾመው ነው እንበል» አለ ከንፈሩን እየመጠጠ። «ይሄኛው ግን ጉልበት የለውም። ክለባችን ሯጭ ነው የሚፈልገው። በሉ እናንተም በርቱ።» ወደ ጓደኛው ዞሮ መሄጃቸው እንደሆነ በእጁ አመለከተው።

እዚህ ላይ አብዱረሂም ጨጓራው ተላጠ። ሰው በቀትር ረምጥ ላይ አሯሩጠህ ስታበቃ «ጉልበት የለውም» ትላለህ? ወደ መልማዮቹ ፒክአፕ መኪና ሄደ። ጎንበስ ብሎ የአራቱንም ጎማ አየር አስተነፈሰ። መኪናዋ መሬቱ ላይ ዘፍ አለች።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለ ጌታቸው። እርስዎነቱ ቀርቷል።

«እኔም ጾመኛ ነኝ» አለው አብዱረሂም። «ፀሐይ ሳይበርድ ጎማ አልነፋም። ያኔ ልጆቹን ታያቸዋለህ፣ እኔም እነፋልሃለሁ።»

ጌታቸው ሌላ ጎሚስታ ቢያስጠራም አብዱረሂም ያስተነፈሰውን ጎማ ሊነፋ የደፈረ አልተገኘም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ሁለቱም ምላጫቸውን እየዋጡ፣ ጀርባ ተሰጣጥተው አንድ ጥላ ሥር ዋሉ።

አሱር አልፎ ነፋሱ ሲመጣ ልጆቹ እንደገና ገቡ። አሁን ግን አብዱረሂም አስቀድሞ «ያልጾመ ይጠጣ» ብሎ ጮኸ። ብሩክ ወደ ሙዐዊያ ተመለከተ። ሙዐዊያ «ጠጣ እንጂ!» ብሎ ገፋው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሜዳው ዳር ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ብሩክ በግራ በኩል ሲገባ የሚይዘው ጠፋ፤ ሙዐዊያም ወደ ግቡ ማንንም አላስጠጋም። ጌታቸው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ፣ ቆሞ ነው ያየው።

አብዱረሂም በጾም አንጀቱ፣ በእጅ ፓምፕ፣ አራቱንም ጎማ ነፋ። ላቡን እየጠረገ ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«እንዴት አየሃቸው?»

«ግሩም ናቸው» አለ ጌታቸው። «እንደዚያ ያለ ግራ እግር ዘንድሮ አላየሁም። ተከላካዩንም እወስደው ነበር።»

«ነበር?»

«ጎማ እያስተነፈሰ ሥራዬን በግድ ከሚያሠራኝ ሰው ልጅ አልቀበልም። ነገ ልጁን ተቀያሪ ወንበር ላይ ባስቀምጠው መጥተህ ምን ልታደርግ ነው?»

አብዱረሂም በሕይወቱ ለምኖ አያውቅም፤ ያን ዕለት ግን የመኪናውን በር ይዞ ለመነ። «በእኔ ይሁን፣ ወንድሜ። ከዛሬ ጀምሮ ማሠልጠኑን ተውኩ። እኔን አታየኝም። ልጆቹን ውሰዳቸው።» ጌታቸው መስኮቱን ዘጋ። መኪናዋ ራሱ በነፋላት ጎማ አስፋልቱን ይዛ ሄደች።

ልጆቹ ሁሉንም ሰምተዋል። ብሩክ ፊቱ ደም ለብሶ ተነሣ፣ ድንጋይ አነሣና ከመኪናዋ ኋላ ሮጠ። ሙዐዊያም ተከተለው፣ ከዚያ ቡድኑ በሙሉ። ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይንጣጣል፤ አላፊው ሁሉ ይሸሻል።

«ተመለሱ! እናንተ ባለጌዎች፣ ማን ነው እንዲህ ያሳደጋችሁ?» እያለ አብዱረሂም ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። የሚሰማው ጠፋ።

ሸዋዬ ጃንጥላዋን እያጠፈች አጠገቡ መጣች። እንደ ቀትሩ አልጮኸችም።

«ተዋቸው አብዱ» አለችው። «ከአንተ የተማሩትን ነው የሚያደርጉት።»