ሳይሸተት የማይገባ ከሰል

የባለቤቴ አባት ከሰል ሳያሸቱ ወደ ቤት አያስገቡም ነበር። እንጅባራ ብርድ ነው፤ ልጄ ደግሞ አስም አለባት። እሳቸው ለብዙ ዓመት ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ እያከሰሉ ኖረዋል። በስተርጅና ግን የከሰል ብናኝን ከሸክላ አፈር ጋር ጨምቀው ጭስ የሌለው ከሰል ለመሥራት ከሚሞክሩ ተመራማሪዎች ጋር ይውሉ ነበር። አመሻሽ ላይ ከሙከራው ጥቂት ፍሬ ይዘው ይመጣሉ። ደጃፍ ላይ በምድጃ ያቀጣጥሉትና በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው ያሸቱታል።

«አባባ፣ ኧረ እርስዎንም ያስልዎታል!» እላለሁ።

«እኔንማ ጭስ ነው ያሳደገኝ። ይልቅ ለልጅቱ እንፍራ» ይሉኛል።

ካልጣማቸው «ይኼ ገና ነው» ብለው አመድ ያለብሱታል። ደስ ካላቸው ደግሞ «አስገቢው፤ መስኮቱን ግን ክፈቺ» ይላሉ። እንደ እኔ የሚፈራ ሰው ቤት ውስጥ መኖሩ ያሳርፈኝ ነበር።

አርባቸው በወጣ ማግስት ተመራማሪዎቹ እሳቸው የደከሙበትን የመጨረሻውን ሙከራ አመጡልን። ደጃፍ ላይ አቀጣጠልኩት። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፤ ጭስ የለውም። ምድጃውን ማንሳት ግን አቃተኝ፤ ባዶ በርጩማቸውን እያየሁ ቆምኩ።

ልጄ ከውስጥ ጠራችኝ፦ «እማዬ፣ አስገቢው። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ።»