መለኪያ የሌለው ክኒን

የቁስቋሙ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ጠበል ሞክረዋል። ጣልያን ከወጣ በኋላ ከሐኪም ቤት ክኒን ተሰጣቸውና መውደቁ ቀረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ፊታቸው ያብጥ ጀመር። አንድ ቀን በወረብ ላይ ካህናቱ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ እሳቸው ወደ ግራ ሄደው ከአንድ ዲያቆን ጋር ተጋጩ።

የደብሩ አለቃ ጠሯቸው። «ምነው መሪጌታ? ጠላ ቀምሰው ነው የሚገቡት?»

«ከፋሲካ ወዲህ አልቀመስሁም።»

አለቃው አላመኑም፤ ከማኅሌት አገዷቸው።

ሚስታቸው ታየች ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ሐኪሙ መርምሮ ኩላሊታቸው መድከሙን ነገራቸው።

«መድኃኒቱን ከደምዎ የሚያጣራው ኩላሊት ነበር። አሁን እየተጠራቀመ ያሰክርዎታል።»

«ምን ያህል ተጠራቀመ?»

«ያን የሚለካ መሣሪያ እዚህ የለንም። እስኪ ከዚህ ተነሥተው እስከ በሩ ይሂዱ።»

መሪጌታ ሄዱ፤ በሩን ሳቱት። ሐኪሙም ክኒኑን በግማሽ ቀነሰው።

በሳምንቱ በሩን አገኙት፤ በማግሥቱ ግን ቀሐ ወንዝ ዳር ወደቁ። ሐኪሙ ሩብ ጨመረላቸው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እየሄዱ በሐኪሙ ፊት ይራመዱ ነበር። ከወደቁ መድኃኒቱ አንሷል፤ በሩን ከሳቱ በዝቷል።

ኩላሊታቸው እንደሆነ አልዳነም። አለቃው ግን ነገሩን ከታየች ሰምተው ወደ ማኅሌቱ መለሷቸው፤ ቦታቸውንም ከዓምዱ አጠገብ አደረጉት። ታየች ቅር ይላቸዋል ብላ ፈርታ ነበር።

እሳቸው ግን «ሸጋ ቦታ ነው፤ ለመደገፍ ይመቻል» አሏት።