ታጥቦ የመጣ እግር

ልጅ እያለሁ ሳይዘጋጁ ሰው ፊት መቅረብን እንደ ነውር እቆጥረው ነበር። ደብተሬ በጋዜጣ የተሸፈነ፣ እርሳሴ የተቀረጸ፣ ጥፍሬ የተቆረጠ ነበር። ኋላም በመንግሥት ሥራ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ፊርማ የጎደለው መዝገብ ከእኔ ጠረጴዛ ወጥቶ አያውቅም፤ ይህን ስናገር ዛሬም ደስ ይለኛል። ይኸው ጠባዬ በአንድ የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ምን እንዳደረገኝ ግን ከእናቴ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቤታችን ቡታጅራ ከተማ ዳር ነበር፤ ጓሮው እንሰት ነው። እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ በመሆኑ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ከእናቴ ጎን ተቀምጫለሁ። ልጣጩን ባጋደለ ሳንቃ ላይ ዘርግተን በአንድ እግራችን ተረከዝ እንይዘዋለን፤ በቀርከሃ መፋቂያም ወደ ታች እንፍቀዋለን። የሚወርደው ጭማቂ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። የተረከዝ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ በኋላ በቀላሉ የሚወጣ አይደለም። ኮምጠጥ ያለው ሽታውም አብሮ ይቀራል። ያ ሽታ ዛሬ ድንገት ቢመጣብኝ ዓይኔን ጨፍኜ የምቆም ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ ግን ጠላቴ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከክፍሉ አንደኛ እወጣ ነበር። ሁለተኛ የምትወጣው የሺ የምትባል የመሀል ከተማ ልጅ ነበረች። ውጤት በተነገረ ቁጥር ከኋላዬ ሆና፣ «ብርቅነሽ አንደኛ፣ ተረከዟ መጨረሻ!» ትላለች፤ ልጆቹም ይስቃሉ። በፈተና የማሸንፋት ልጅ በእግሬ አሸነፈችኝ። እግሬንም በኮንጎ ጫማ ውስጥ ደብቄ ኖርኩ።

በጸሎተ ሐሙስ ግን መደበቅ አይቻልም። ካህኑ ወገቡን ታጥቆ ጎንበስ ይልና፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ፣ የምእመናኑን እግር ያጥባል። የሺም ከእናቷ ጋር እዚያው ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ እግሬን ሳሸው ከረምኩ፤ በሳሙና፣ በሎሚ፣ በመጨረሻም በሻካራ ድንጋይ። ጎረቤታችን እትዬ ዘምዘም በአጥር በኩል አይተውኝ፣ «ወላሂ ይኼ እግር ሳይነጣ ያልቅብሻል!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሐሙስ ረፋድ ላይ ተረከዜ ነጥቶ፣ እንደውም ቀልቶ ነበር።

ነገር ግን የእናቴ እግር ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ ስትፍቅ ከርማ ተረከዟ እንደ ከሰል ጠቁሯል። በዚያ እግር ከጎኔ እንደምትቀመጥ ሳስበው የሦስት ቀን ድካሜ ሁሉ ከንቱ መሰለኝ።

«እማዬ፣ አንቺ ትንሽ ቆይተሽ ብትመጪስ?» አልኳት።

«ለምን?»

ዓይኔ ወደ ተረከዟ ሄደ። እናቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ ወደ ታች እግሯን ተመለከተች። ከዚያ ነጠላዬን አስተካከለችልኝና፣ «እሺ፣ ቀድመሽ ሂጂ» አለችኝ።

በሴቶቹ በኩል ከነበረው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሺና እናቷ ከፊቴ ነበሩ። ካህናችን መምሬ ተክሌ በዕድሜ የገፉ፣ ራሳቸውም ገበሬ የሆኑ ሰው ነበሩ። ሳፋውን እየገፉ ከእኔ ዘንድ ደርሰው እግሬን ሲያነሱ ቀጥ አሉ።

«ምን ነክቶት ነው የቆሰለው?»

«ታጥቤ ነው የመጣሁት፣ አባ» አልኩ፤ የሺ እንድትሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ታጥበሽ ከመጣሽ ለእኔ ምን ተረፈኝ ታዲያ?»

አጠገቤ ያሉት ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። መምሬ የወይራ ቅጠል ውሃ ውስጥ ነክረው ተረከዜን ሲነኩት እንደ እሳት አቃጠለኝና እግሬን አሸሸሁ። ቁርጭምጭሚቴን ያዝ አድርገው፣ «አትሽሺ፣ ልጄ። ይኼ የአንቺ ሥራ አይደለም፤ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አሉኝ፤ ይህኛውን ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ይህን ጊዜ እናቴ ደረሰች። ባዶ ቦታ የነበረው ከእኔ ጎን ብቻ ነው፤ እርሷ ግን እንደማታውቀኝ ሆና ወደ ወንበሩ ጫፍ ሄዳ ተጠጋጉልኝ አለች። ያልጠየቅኳትን ጭምር እየፈጸመችልኝ ነበር። ጫማዋን አውልቃ ጥቁር እግሯን ያለ ምንም እፍረት ዘረጋች። መምሬ ተክሌ እርሷ ዘንድ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ፤ አጠቡት፣ ደገሙት።

«ይኼስ ሥራ አለው» አሉ እየሳቁ።

«አልለቅም ብሎኝ ነው፣ አባ። አብሮኝ የተወለደ ሳይሆን አይቀርም።»

«ይልቀቅ አይልቀቅ እግዜር ያውቃል፤ የእኔ ማጠብ ነው።»

እናቴ «አሜን» አለች። እግሯ ከውሃው ሲወጣ እንደገባው ጥቁር ነበር። ፊቷ ግን ስጦታ እንደተቀበለ ሰው ፊት አበራ። የእኔ ነጭ እግር እያቃጠለኝ እርሷን አየኋት። እኔ ለመታጠብ የሚያበቃ እግር ይዤ ልቅረብ ስል ሦስት ቀን ደክሜያለሁ፤ እርሷ ያላትን እግር ብቻ ይዛ መጣች። ሁለታችንም ታጠብን፤ የተቀበለችው ግን እርሷ ነበረች።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ የሺም፣ እናቷም፣ ሁሉም ዞሩ። በባዶ እግሬ ሄጄ ከጎኗ ተጨናንቄ ተቀመጥኩ። የሺ ያን ዕለት ምን እንዳለች አላስታውስም፤ አልሰማኋትም መሰለኝ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ወልቂጤ እኖራለሁ። እንሰቱን በማሽን የሚፍቁ አሉ፤ ልጆቻችን ቆጮውን ከክትፎ ጋር በልተው አዲስ አበባ ይመለሳሉ፤ ተረከዛቸውም እንደ መዳፋቸው የለሰለሰ ነው። ደግ አደረጉ፣ አይከፋኝም። እኔ ግን መዝገቤን አሟልቼ ካልሆነ ጸሎት እንኳ መቆም የሚከብደኝ ሴት ሆኜ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ፤ ያን የሐሙስ ዕለት ትምህርት ደጋግሜ ረስቼዋለሁ።

እናቴ በስተርጅና እኔ ዘንድ ነበረች። አንድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ ከጎኗ ተቀምጬ፣ «እማዬ፣ ያኔ ቆይተሽ ነይ ያልኩሽ በእግርሽ አፍሬ ነበር፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ንግግሩን ለዓመታት ነበር ያዘጋጀሁት፤ ገና ብዙ ይቀረኝ ነበር።

«ምኑን?» አለች በመገረም። «ቀድመሽ ሂጂ ያልኩሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

እንዲያ አልነበረም ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩትና እጇን ይዤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።