ከጉበኑ ሥር

በየማክሰኞው ገና በሩን ስንከፍት ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ይመጣሉ። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ አውራ ጣታቸው በመዶሻ የተጠፈጠፈ ሽማግሌ ናቸው። ወንበር አይስቡም። ትልቁን መዝገበ ቃላት ቆመው ይገልጡና «ጉበን» የሚለው ላይ ጣታቸውን ያሳርፋሉ፦ «በበር አናት ላይ፣ በሁለቱ መቃኖች መካከል የሚጋደም እንጨት።» ያነቡና ይከድኑታል።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። «አባባ፣ ያው ነው እኮ፤ አይለወጥም» አልኳቸው።

«ጎደሎ ነው፣ ልጄ። ቤት ሲደረመስ ስንት ሰው ከሥሩ ቆሞ እንደሚተርፍ አልጻፉም።»

«ስንት ይተርፋል?»

«ለሁለት ይበቃ ነበር።»

ሲወጡ በዓይኔ ተከተልኳቸው። በራችን ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉና ጉበኑን ደገፉ። ከዚያ ወደ አንዱ መቃን ጠጋ ብለው ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቁ።

«ነይ፣ ተጠጊ» አሉ ቀስ ብለው።

ትንሽ ጠብቀው ሄዱ።

እኔ መንፈስ ምናምን የማምን ሰው አይደለሁም። ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ስወጣ ጠርዙን ታክኬ ነው፤ ሳላስበውም ቦታ የለቀቁላትን ሴት «ይቅርታ፣ እናቴ» እላለሁ።