የበጎቼን ጥናት አምጡ

እትዬ ኮከቤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ለማወቅ አንድ ነገር ይበቃል። የባላቸው አርባ እንደወጣ ወንድማቸው “በጎቹን እኔ ልያዝልሽ” ቢላቸው፣ “እጄ ተቆርጧል እንዴ?” ብለው መለሱት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት፣ በጓሳ ደጋ ጥግ፣ ውርጭ ገብሱን በሚበላበት አገር፣ አራት ልጆች በበግ አሳደጉ። እኔ የሰፈሩ መምህር ነኝ። ስልክ ላይ ያለውን የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ የሚቆጡትም እኔን ነው።

ጠላታቸው አዙሪት ነበር። አዙሪት የያዛት በግ ራሷን ወደ አንድ ጎን ጥላ በቆመችበት ትዞራለች፤ መንጋው ሲሄድ እሷ ትቀራለች፤ ከዚያ መውደቅ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ዶክተር አወቀ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ሰው በመንግሥት በጀት በሽታውን ሊያጠና መጣ። እኩያዬ ስለሆነ አንቱ አልለውም፤ ከሆነው ነገር በኋላማ ጭራሽ። ሁለት ክረምት ተመላለሰ። እትዬ ኮከቤ የበጎቻቸውን ጭንቅላት ሰጡት፤ የውሻቸውን ዓይነ ምድር ሳይቀር በብልቃጥ ይዞ ሄደ። “ውጤቱን ይዤ እመለሳለሁ” አለ። በዚያው ቀረ።

ዘንድሮ በሁዳዴ መካከል አራት በጎች ዞሩባቸው። በሌላ ጊዜ ቢሆን በጓ ሳትሞት ትታረዳለች፤ ሥጋዋ ለቤት፣ ጭንቅላቷ ለውሻ። በጾም ግን ማን ያርዳል? ሞቱ፤ እንደ አገሩ ልማድ ሁሉም ለውሻ ሆነ። የጎረቤታቸው የአቶ ወዳጆ በጎችም በዚያው ሰሞን በአዙሪት አለቁ።

“መምህር፣ ያ ልጅ ጭንቅላቱን ከፍቶ ምን አገኘ?” አሉኝ።

ስልኬ ላይ ፈለግሁ። አርዕስቱ ወጣ፣ የወረዳችንም ስም ወጣ። ከዚያ በታች ለማንበብ ክፈሉ ይላል፣ ያውም በዶላር። “አሠራሩ ነው፣ ይተዉት” አልኳቸው። እስካሁን አፍርበታለሁ።

“የማን አሠራር? በጎቹ የእኔ አይደሉም?” አሉና በማግስቱ ሁለት መኪና አሳፍረው ዩኒቨርሲቲው ድረስ ወሰዱኝ።

ዶክተር አወቀ በደንብ ተቀበለን፤ ወንበርም ሰጠን።

“ታትሟል እኮ እናቴ፣ ትልቅ መጽሔት ላይ። መብቱ የአሳታሚው ስለሆነ እንደ ልቤ ማደል አልችልም።”

“ደመወዝህን የሚከፍልህ አሳታሚው ነው?”

“መንግሥት ነው።”

“መንግሥትስ ከየት አምጥቶ?”

“ለማንኛውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?” አለ። ይህን ባይል ይሻለው ነበር።

“የሚያደርግልኝን እኔ ልወቀው” ብለው ወጡና ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አሉ። ቆሏቸውን ፈቱ። ጥበቃው መጥቶ “እማማ፣ እዚህ አይቀመጥም” ቢላቸው፣ ቆሎ ዘገኑለትና “ስለ በጎቼ የተጻፈውን ሲሰጡኝ እሄዳለሁ” አሉት። ተቀብሎ ዞር አለ።

ወሬው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሳሌም ጆሮ ደረሰ። ሳሌም ሰው የምትፈራ ልጅ አይደለችም። ዶክተሩን በሩ ላይ አቆመችው። “በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕዝብ ክፍት ይሁን የሚል ፖሊሲ አገሪቱ ካወጣች ዓመታት አልፈዋል። መጽሔቱ ያሳተመውን ማደል ባትችል እንኳ የራስህን ረቂቅ ድረ ገጻችን ላይ ማስቀመጥ ነበረብህ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌልሃለሁ” አለችው።

ረስቶት ነበር። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለም፤ ረስቶት ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍቶ አተመልን።

ሳሌም እዚያው ኮሪደር ላይ በአማርኛ አስረዳቻቸው። ውሻ የዞረች በግ ጭንቅላት ሲበላ አንጎሏ ውስጥ ያለው ትል ሆዱ ውስጥ ያድጋል። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣሩ ላይ ይቀራል፤ በጎቹም ያንን ሣር ሲግጡ ትሉ አንጎላቸው ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ጭንቅላቱን ማቃጠል ወይም ጥልቅ አድርጎ መቅበር፣ ውሻውንም የትል መድኃኒት ማስዋጥ ነው። ያ ሁሉ ዶላር የተጠየቀበት ነገር ይኸው ነው!

እትዬ ኮከቤ ቆሏቸውን መልሰው ቋጠሩ። “በገዛ እጄ” አሉ። ቀጥለውም “መቼ ነው የታተመው?” ብለው ጠየቁ። ሦስት ዓመት ሆኖታል። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀሱ፤ እኔም ከንዴቴ ብዛት አብሬ አለቀስኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ በአማርኛ የጻፍኩትን አስነበቡኝ። “የእርስዎን ውሻ አያንሱ፣ ጠብ ይመጣል” ብዬ ለምኛቸው ነበር። አልሰሙኝም።

“ወዳጆ፣ ውሻዬ በጎችህ በሚውሉበት ነው የሚውለው። ሳላውቅ ነው፤ ይቅር በለኝ። አልደብቅም” አሉ በሰው ሁሉ ፊት። ሰው ተንሾካሾከ፤ ለበግ ጭንቅላት መቃብር ሊቆፈር ነው ብሎ የሳቀም ነበር። አቶ ወዳጆ ግን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ሄዱ። ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ ነሷቸው። እትዬ ኮከቤን እንደዚህ የጎዳቸው ነገር አላየሁም፤ ሆኖም “ደግሜም እናገረዋለሁ” ይሉ ነበር።

በዚህ መካከል ዶክተር አወቀ ደወለልኝ። “ወረቀቱን እያባዛችሁ ታድላላችሁ አሉ። ከአሳታሚው ጋር ልታጣሉኝ ነው እኮ” አለ። እትዬ ኮከቤ ስልኩን ነጠቁኝ።

“መጣላቱ የራስህ ጉዳይ ነው። ቅዳሜ ሞላሌ ገበያ ላይ ይነበባል። ወንድ ከሆንክ መጥተህ አንተው አንብበው” ብለው ዘጉበት።

ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም፤ መጣ። በግ ተራ መካከል ቆሞ፣ በአማርኛ፣ ላብ እያጠመቀው አነበበ። ሻጩም ገዢውም ከበበው። ግማሽ ላይ ሲደርስ አቶ ወዳጆ ሰዉን እየገፉ ወደ ፊት መጡ። እትዬ ኮከቤ ላይ ሊነሱ መስሎኝ አጠገባቸው ቆምኩ። አቶ ወዳጆ ግን አላዩንም።

“ዶክተር፣ ይህንን ያወቅከው መቼ ነው?”

“ጥናቱ የታተመው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ አባቴ።”

“የእኔ በጎች ያለቁት በዚህ ሁዳዴ ነው።”

ዶክተር አወቀ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። እትዬ ኮከቤ ወደ ፊት ወጥተው ከአቶ ወዳጆ ጎን ቆሙ፤ አቶ ወዳጆም ዞር ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

“ቀጥል፣ ገና አልጨረስክም” አሉት እትዬ ኮከቤ።